ወደ ሬ የወረደው ክር

የእህቴ ልጅ ፋጡማ ከጅዳ በተመለሰች በሳምንቱ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣችና ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቤዝ ጊታሬን አውርዳ ስልኳን አጠገቡ አስቀመጠች። ስልኳ ውስጥ ድምፅ የሚለካ ነገር አለ። ክሩ ሲመታ ልኩ ከሆነ አረንጓዴ ያበራል፣ ከሳተ ቀይ። ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች ትንሽ ነካ ነካ ሲደረጉ አረንጓዴ ሆኑ። አራተኛው፣ ወፍራሙና ከሁሉም ዝቅ ብሎ የሚጮኸው ክር ቀይ አበራ። ደግማ መታችው፤ አሁንም ቀይ።

«አጎቴ፣ ይሄኛው ተበላሽቷል። ላጥብቀው?» አለችኝ፤ እጇን መቃኛው ላይ አድርጋለች።

«ተይው፣ እሱ እንደዚያ ነው።»

«ሚ መሆን አለበት ይላል እኮ። ያንተ ወርዶ ሬ ላይ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ። እንዲወርድ የተውኩት እኔ ነኝ።»

ለምን ብላ ጠየቀችኝ። ልነግራት ስጀምር ከሳዑዲ መምጣቷን የሰሙ ጎረቤቶች ተከታትለው ገቡ፤ የእንኳን ደህና መጣሽ ሰላምታው በዛና ወሬያችን እዚያው ተቋረጠ። ለእሷ ያልጨረስኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ያኔ ጢሙ እንዲያድግለት የሚጓጓ ጎረምሳ ነበርኩ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ለሠርግና ለበዓል የምትጠራ ትንሽ ባንድ ነበረችን፤ ከበሮ፣ ክራር፣ አኮርዲዮንና የእኔ ቤዝ። መሪያችን ጋሽ አበጋዝ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ጡረታ ወጥተው የመጡ ሰው ነበሩ። አኮርዲዮናቸውን ደረታቸው ላይ ሲያንጠለጥሉ ሕፃን ያቀፉ ይመስላሉ። ቤዝ እንድይዝ የመረጡኝ ጣቴ ረጅም ስለሆነ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ጊታር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ክር በክር፣ በትዕግሥት አስተማሩኝ። «ይመር፣ ቤዝ መቺ ጎበዝ ሲሆን ማንም አያውቅለትም። ሲሳሳት ግን ሙሽራዋም ታውቃለች» ይሉኝ ነበር።

የልምምድ ቤታችን ከዓሣ ጠባሾቹ ጀርባ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ የተጠበሰ ቆሮሶ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ረሃብና ሙዚቃ አንድ ላይ ይመጡብናል። እስከ ዛሬ ዓሣ ሲጠበስ ከሸተተኝ የግራ እጄ ጣቶች ሳላዛቸው ይንቀሳቀሳሉ።

የባንዳችን ነፍስ ግን ዘምዘም ነበረች። በዕድሜ ታላቃችን ስለሆነች እትዬ ዘምዘም እላታለሁ። የተወለደችው አምባሰል ሥር ነው። ቀን ቀን ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች፤ ሠርግ ሲመጣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አምባሰል ትዘፍናለች። ለሌላ አገር ሰው አምባሰል የዜማ ቅኝት ስም ነው። ለእኛ ደግሞ ጠዋት በር ሲከፈት ፊት ለፊት የሚቆም ተራራ ነው። እሷ ስትዘፍነው ሁለቱን የሚለይ ሰው አልነበረም። ድምፅዋ ከገደሉ አናት ተነስቶ፣ ገመገሙን ዞሮ ዞሮ፣ በመጨረሻ ሚ ላይ ያርፍ ነበር። ያ የምታርፍበት ድምፅ የእኔ ወፍራም ክር ነው። ጣቴን ሳላሳርፍበት ባዶውን ስመታው ከሥሯ ሆኜ የምቀበላት ይመስለኛል። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ግን ትልቁ ደስታዬ ነበር።

እትዬ ዘምዘም እንቅርት ነበረባት። በአገራችን ብዙ ሴት ያለበት ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እሷም ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠቅለል ታደርግና ትረሳዋለች። እያደር ግን አደገና ትንፋሽ ይከለክላት ጀመር። ዳገት ስትወጣ ትቆማለች፤ ስትተኛ ታፍናለች። ደሴ ሄዳ አስወጣችው። ሐኪሙ ከመጀመሪያውም «ትንፋሽሽ ይመለሳል፤ ድምፅሽ ግን እንደ በፊቱ ላይሆን ይችላል» ብሏት ነበር። እሷም «ሕይወት ይበልጣል» ብላ ገባች። ትንፋሿ ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ድምፅዋ ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ፤ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሻከረ።

አንድ ቀን ሱቅ ገብታ ሳሙና ስትጠይቅ ባለሱቁ ከሳጥኖቹ ኋላ ሆኖ፣ ቀና ሳይል፣ «አቤት ጋሼ» አላት። እየሳቀች ነው የነገረችን። ሳቋ ሲያልቅ ግን ከእኛ ጋር አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ዋጋ የሚጠይቃትን ሰው በጣቷ ቁጥር ስታሳየው አይቻለሁ።

ልምምድ ስትጀምር ከሚ ተነሳች። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ድምፅዋ ተሰበረ። ደግማ ሞከረች፤ ተሰበረ። ጋሽ አበጋዝ «እስቲ አኮርዲዮኑ ይቆይና አንድ ደረጃ ዝቅ ብለን ከሬ እንነሳ» አሉ። እሷም ሳትወድ እሺ አለች። አሁን ችግሩ የእኔ ሆነ። የቤዙ የመጨረሻ ድምፅ ሚ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሬ መሣሪያው ላይ የለም። የላይኛውን ሬ መታሁላት። ከሥሯ መሆን የሚገባው ድምፅ ከጎኗ ሆነና ዘፈኑ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። መሀል ላይ አቋረጠችው።

«እግሬን የማሳርፍበት የለም» አለች። ነጠላዋን ሰበሰበችና ተነሳች። «ደግሞስ ዘምዘም ወረደች ሊባል? ይቅር፣ አልፈልግም።»

ማንም አላስቆማትም። ምን ብለን እናስቁማት? ለዚያ የሠርግ ወራት ጋሽ አበጋዝ ከደሴ አንዲት ወጣት ዘፋኝ አመጡ። ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ጭፈራውን ታሞቀዋለች። አምባሰል ሲጠየቅ ግን ታልፈዋለች፤ እኛም አናስገድዳትም።

ኅዳር ላይ ከውጫሌ መልእክት መጣ። ልጇን የምትድረው ጦይባ ከእትዬ ዘምዘም ጋር አንድ መንደር ያደገች፣ አብራት ውሃ የቀዳች ጓደኛዋ ናት። «ዘምዘም ሳትዘፍንላት ልጄ ከቤት አትወጣም» ብላለች። ጋሽ አበጋዝ ወሬውን ራሳቸው ይዘው ወደ እትዬ ዘምዘም ቤት ሄዱ።

«ከእኛ ጋር ትቀመጫለሽ፣ ታጨበጭቢያለሽ። ልጅቱ ትዘፍናለች። ጦይባ ዓይንሽን ካየች ይበቃታል» አሏት።

እሺ አለች። ለጦይባ ስትል እንጂ ማጨብጨቡ እንዴት እንደሚከብዳት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በአይሱዙ ጭነት መኪና ነው የሄድነው። የደሴዋ ልጅና ጋሽ አበጋዝ ጋቢና ገቡ፤ እትዬ ዘምዘም ከእኛ ጋር ልሁን ብላ ከኋላ ወጣች። የማሽላ አጨዳ የተጀመረበት ጊዜ ነበር። በቀኛችን ሐይቁ እያነሰ ሄዶ እንደ ሰሃን ሆነና ጠፋ፤ በግራችን የአምባሰል ገደል እየቀረበ መጣ። ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የታጨደ አገዳ ሽታና አቧራ አንድ ላይ ይመጣል። ቤዜ ማስቀመጫ ሳጥን ስለሌለው በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከከበሮው አጠገብ አስተኝቼው ነበር። መንገዱ ያነጥረናል፤ ከበሮውም ይንሸራተታል። እኔ ግን ዓይኔ ገደሉ ላይ ነበር።

አንድ ጠመዝማዛ ላይ የፊት ጎማ ፈነዳ። ሁሉም ወረዱ። ሹፌሩና ጋሽ አበጋዝ ክሪክ ይዘው ከፊት ተጠመዱ፤ የደሴዋ ልጅ መንገድ ዳር ከተቀመጡ ሴቶች ጥንቅሽ ልትገዛ ሄደች። እኔም ጥንቅሼን ገዝቼ እያኘክሁ ወደ መኪናው ተመለስኩና መሣሪያዬን ለማየት ብርድ ልብሱን ገለጥሁ። ከበሮው የቤዙ ራስ ላይ ተንጋሎ አገኘሁት። የወፍራሙን ክር መቃኛ አዙሮታል፤ ክሩም ላልቷል።

ሰው አልነበረም፤ እንደዚያ መሰለኝ። ቤዙን አነሳሁና ጭንቅላቱን ከመኪናው የኋላ ሳንቃ ጋር አስደገፍኩት። ልመታው ስል ከሳንቃው ማዶ ማንጎራጎር ሰማሁ። ኋላ እንዳወቅሁት፣ እትዬ ዘምዘም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለሳንቃው ሰጥታ፣ ጥላው ውስጥ ናት። እኔ አላየኋትም፤ እሷም አላየችኝም። ቃል የለውም፤ አፏን ዘግታ ነው የምታንጎራጉረው። ዜማው ግን አምባሰል ነው። ትወጣለች፣ ትዞራለች፣ ትወርዳለች። ማኘኬን አቆምኩ። ድምፅዋ ሳይሰበር፣ ሳይቸኩል ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ የላላውን ክር መታሁት።

አንድ ድምፅ ሆኑ።

ቤዝ ያለ መብራት የዝንብ ያህል እንኳ አይጮህም። ሳንቃው ግን ተቀብሎ አጎላው፤ ጀርባዋ ላይ እንደተሰማት አውቄያለሁ፤ ማንጎራጎሯ ቀጥ አለ። የተቆጣች መሰለኝ። ግን ደግማ ጀመረች። አሁን ጮክ ብላ፣ አፏን ከፍታ። እኔም ያቺኑ አንድ ክር ብቻ እየመታሁ ተከተልኳት። ስትወጣ እጠብቃታለሁ፤ ስትወርድ አለሁ። ስትጨርስ ክሩን ወደ ቦታው ልመልስ እጄን ወደ መቃኛው ስሰድ ጭንቅላቷ ከሳንቃው በላይ ብቅ አለ።

«ተው፣ አትንካት!» አለችኝ። «ምንድን ናት እሷ?»

«ወፍራሟ ክር ናት። ከበሮው ተጭኗት ላልታለች። ላጠብቃት ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ ነዋ፣ ወደ ሚ። ወደ ቦታዋ።»

«አሁን ያለችበት ቦታ ምን ሆነና?»

ከላይ ካለው የሬ ክር ጋር አስተያየኋት፤ ጸጉር የምታህል ነገር ነው የጎደለችው። አስተካከልኳትና ደግሜ መታሁ። የታችኛው ሬ፣ መሣሪያው ላይ የለም ያልኩት ድምፅ፣ ይኸው እጄ ላይ አለ።

«እትዬ ዘምዘም፣ ይቺ እኮ ሬ ናት» አልኳት።

ከዚያ ከደሴ ከተመለሰች ወዲህ ያልሰማሁትን፣ ከሆዷ የሚመጣውን ሳቅ ሳቀች። «እሷም ወርዳለቻ!» አለች።

ጎማው ተቀይሮ መኪናው ሲነሳ ሥራ ጀመርኩ። ክር ሲወርድ ጣት የለመደው ቦታ ሁሉ ይዛባል፤ እያንዳንዱ ድምፅ አንገቱ ላይ በብረት ከተከፈሉት ቤቶች ሁለት ቤት ወደ ፊት ይሄዳል። ለጣቴ አዲስ መንገድ ማስተማር ነበረብኝ። ክሩም ስለላላ በኃይል ከመታሁት ብረቱ ላይ እየተንቀጫቀጨ ይጮሃል፤ በለስላሳ እጅ መያዝ ይፈልጋል። መኪናው እያነጠረኝ፣ እሷ አጠገቤ ሆና እያንጎራጎረች፣ እስከ ውጫሌ ድረስ ያንኑ ዘፈን መላልሰን ሄድን። ስሳሳት ትከሻዬን መታ ታደርግና «አብሽር፣ አብሽር» ትለኛለች።

ጦይባ ከግቢዋ በር ላይ ሮጣ መጥታ ጓደኛዋን አንገቷን አቀፈቻት። እትዬ ዘምዘም አለቀሰች። ምሳ ቀረበ። ጋሽ አበጋዝ የነቢያትን ጾም ይዘው ስለነበር ጦይባ ሳይነገራት ለእሳቸው ለብቻ ሽሮና ጎመን አሰናድታ ጠበቀቻቸው። ለእኛ ሥጋው ነበር። እኔ ግን ቀመስ አድርጌ ተነሳሁ። እጄን ታጥቤ ግቢው ውስጥ ካለው የሾላ ዛፍ ሥር ጋሽ አበጋዝን አገኘኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው።

«ይመር፣ ጤና የለህም እንዴ?» አሉኝ። «ዛሬ ያወቅኸውን ነገር ዛሬውኑ ሰው ሠርግ ላይ? እኔስ? ጣቴ ዕድሜ ልኩን ይህን ዘፈን ከሚ ነው የተጫወተው። በአንድ ከሰዓት የሚማር አይደለም። ብትሰበር ደግሞ በጓደኛዋ ፊት ነው፣ በአገሯ ሰው ፊት። ከዚያ በኋላ አፏን ትከፍታለች ብለህ ነው?»

ፍርሃታቸው ለእሷ መሆኑን ያኔም አውቄ ነበር። ልመልስላቸው ስል እትዬ ዘምዘም ከኋላዬ መጣች።

«ጋሽ አበጋዝ» አለች። «እኔ ወርጃለሁ። ከወረድኩበት ጠብቁኝ፤ ወደ ላይ አትጥሩኝ።»

ጋሽ አበጋዝ አኮርዲዮናቸውን አንስተው ከሬ ሞከሩት፤ ሳቱ። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም ሳቱ። እንዲህ ሲሳሳቱ አይቻቸው አላውቅም፤ አፈርኩላቸውና ወደ ዛፉ ዞርኩ። ከዚያ መሣሪያውን ጨብጠው ዘጉትና ማሰሪያውን ቆለፉ።

«እሺ» አሉ። «እኔ አልጫወትም። ክራሩ ግድ የለውም፤ ዘፋኙ ወዳለበት መቃኘት ልማዱ ነው። አንተና ክራሩ ውሰዷት። ግን ይመር...»

«ከተሳሳትኩ ሙሽራዋም ታውቃለች» አልኳቸው።

ሳቅ አሉ፤ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ።

ዳሱ ሞልቷል። ጄኔሬተሩ ከግድግዳው ማዶ ይንጫጫል፤ ሞንታርቦዎቹ በሁለት ወገን ቆመዋል። የደሴዋ ልጅ ጭፈራውን ጀምራ ሕዝቡን አሞቀችውና፣ ጋሽ አበጋዝ በጆሮዋ ሲነግሯት ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ ለእትዬ ዘምዘም ሰጠቻት። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ድምፅዋ ጠፍቷል የሚለው ወሬ ውጫሌም ደርሶ ኖሯል።

ባዶውን ክር መታሁ። ያ ሬ ከሞንታርቦው ሲወጣ መሬቱን ይዞ ሄደ፤ አጎዛ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ወደ ታች ሲያዩ አስታውሳለሁ። ክራሩ ገባ። እትዬ ዘምዘም ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ አወረደችው። ጠባሳዋ ታየ። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ ያንን ሌላ ሰው የመሰለ ድምፅ አወጣችው።

ከአምባሰል ጫፍ ሆኜ ስጠራው የሰማኝ፣
ቆላ ወርጃለሁ እዚያው ይፈልገኝ።

ግጥሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ቆማ የፈጠረችው ነው። ድሮ ስትዘፍን ሰው በመሀል «ውይ!» እያለ ይጮህላት ነበር። አሁን የሚጮህ የለም። ድምፅዋ እንደ ድሮው ከራሳችን በላይ አያልፍም፤ በመሀላችን ነው የሚሄደው። ዜማው ወደሚሰበርበት ቦታ ተቃረበ። ወጣች፤ አልተሰበረም። ዞረች። ስትወርድ ክሩ ላይ አረፈች፤ እኔም ተቀበልኳት። ከጎኔ አንድ ረጅም ድምፅ ሲጨመር ዞር ብዬ አየሁ። ጋሽ አበጋዝ አኮርዲዮናቸውን ከፍተው፣ አንዷን የሬ ቁልፍ ብቻ ይዘው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያች አንድ ቁልፍ ሌላ አልነኩም።

ስትጨርስ መጀመሪያ እልል ያለችው ጦይባ ናት። ከዚያ ዳሱ ተናጋ። አንድ ሽማግሌ ከወንዶቹ ወገን ተነስቶ «ማሻአላህ፣ አሁን ነው የሰማሁሽ!» አላት። ድገሚ አሏት፤ ደገመች። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትነሳ እናቷና እትዬ ዘምዘም በሁለት ወገን ይዘዋት ወጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ዘፈነች። ገበያም ላይ በጣቷ ማሳየቱን ትታ በዚያው ድምፅ እየተከራከረች በርበሬዋን ሸጠች። ጋሽ አበጋዝ በቀጣዩ ክረምት ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ከሬ ተማሯቸው። ጣታቸው ሲስት «ኧረ እመብርሃን!» እያሉ ሲጀምሩ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኛም ሳቃችንን እንውጣለን። በዚያ ዕድሜያቸው፣ የሚያውቁትን ሁሉ ለአንዲት ሴት ድምፅ ብለው እንደ አዲስ መማራቸው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ እኔም በእሳቸው ዕድሜ ስደርስ ነው። ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ኋላ በልብስ ስፌት ተዳደርኩ፤ ልጆችም አሳደግሁበት። ክሯን ግን ወደ ላይ አልመለስኳትም።

ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ውጫሌ ወረድኩ። እትዬ ዘምዘም አሁን የምትኖረው እዚያ ልጇ ዘንድ ነው። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሞቱት ተጨዋወትን። ከዚያ ለረጅም ዘመን አፌ ላይ የነበረውን አወጣሁት።

«እትዬ ዘምዘም፣ አመስግኜሽ አላውቅም።»

«በምኑ?»

«ያን ቀን መንገድ ላይ ስላሰማሽኝ። ማዳመጥ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ከደንበኛም ጋር፣ ከልጆቼም ጋር፣ ሰው ሲያወራኝ መጀመሪያ የት ላይ እንዳለ አዳምጣለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ግራ የተጋባች ትመስላለች።

«አንተ ልጅ፣ ወላሂ ለአንተ ብዬ አልነበረም እኮ» አለችኝ። «መጀመሪያ ሳንጎራጉር ሰው ያለ መች መሰለኝ!»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ልጇ ምን ሆናችሁ ብላ እስክትወጣ ድረስ ሳቅን። ስመለስ ግን በመንገዱ ሁሉ ያቺን መልስ ሳስብ ነበር። በሕይወቴ ከተሰጠኝ ነገር ትልቁን የሰጠችኝ ሰው እንደሰጠችኝ እንኳ አታውቅም ነበር። እንደ እሷ ያሉ፣ ሳያውቁ የሰጡኝ ስንት ሰዎች ይኖሩ ይሆን? እኔስ ጥንቅሽ እያኘክሁ፣ ሳልሰማቸው ያለፍኳቸው ስንት ናቸው? የሰማኋትን አላህ ስላሰማኝ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።